እመት አዞ ለምን አፏን ከፍታ ትውላለች

ተረት ተረት ስል «የላም በረት» እንዳትሉኝ። በዚህ ተረት ውስጥ ላምም በረትም የለም። ያለችው አዞ ናት፤ አዞ ባለችበት አገር ደግሞ ላም አትበረክትም።

ድሮ ነው፣ አውሬ ሁሉ እንደኛ አፍ አውጥቶ በሚያወራበት ዘመን። አንድ ቆላ ውስጥ ሰፊ ወንዝ ነበር። ከወንዙ ቀጥሎ አሸዋ፣ ከአሸዋው ቀጥሎ አንድ ትልቅ የሾላ ዛፍ። የአገሩ ሸንጎ የሚቀመጠው እዚያ ሾላ ሥር ነው። ስብሰባ የሚወድ አገር ነበር። ዝናብ ሲጠፋ ለምን ጠፋ ብለው ይሰበሰባሉ፤ ሲመጣም ማን ጠራው ብለው ይሰበሰባሉ።

ሕጋቸው አንድ ብቻ ነበር። ትልቅም ይሁን ትንሽ፣ «በሕግ አምላክ» ከተባለ ባለበት ይቆማል። የሚሮጠው ሩጫውን፣ የሚጣላው ጠቡን ትቶ፣ የሚበላውም ጉርሻውን እንዳንጠለጠለ ይቆማል። ነገሩ በሸንጎ ታይቶ «ሂድ» እስኪባል ድረስ ንቅንቅ የለም። እንዲያውም አንዴ አንበሳ ድኩላ ላይ ከዘለለ በኋላ «በሕግ አምላክ» ተብሎ አየር ላይ ለመቆም ሞክሯል ይባላል። እኔ አላየሁም። ይህን ቃል የጣሰ ሌላ ቅጣት የለበትም። ከዚያ ወዲያ እሱ ራሱ በጨነቀው ቀን «በሕግ አምላክ» ቢል የሚቆምለት አያገኝም፤ በቃ ይኸው ነው።

እመት አዞ ይህን ሕግ የምታከብርበት ምክንያት ነበራት። ባለፈው ዓመት የጎሽ መንጋ ውሃ ጠምቶት እየተጋፋ ሲወርድ፣ እንቁላሏን የቀበረችበትን አሸዋ ረግጦ ሊያልፍ ደርሶ ነበር። አንዲት አዞ የጎሽ መንጋ አታቆምም። ጥርስ አይበቃም። መንገዱ ላይ ተጋደመችና «በሕግ አምላክ» አለች። ጎሾቹ አፍንጫቸው አፍንጫዋን ሊነካ ሲል ቆሙ። ሸንጎው መጣ፣ በላይ በኩል ዙሩ ተባሉ፣ ዞሩ። ልጆቿ በሰላም ተፈለፈሉ። ልጆቿን ወደ ወንዙ ያወረደች ቀን አገሩ ሁሉ ጅብ ቤት ሠርግ ሄዶ ነበርና ያያት የለም፣ ከእማማ ኤሊ በቀር። እማማ ኤሊም ከሠርጉ የቀረችው ለመሄድ ስትነሳ ሠርጉ ስላለቀ ነው።

በዚህኛው ዓመትም እመት አዞ እንቁላሎቿን አሸዋ ውስጥ ቀበረችና አጠገቡ ተጋደመች። በጋውን ሙሉ ከዚያ አልራቀችም። ምግብም እንደነገሩ ነው። አላፊ አግዳሚው ግን እንቁላሉን አያይም፤ የሚያየው ተጋድማ ነው። ሥራ ፈት አሏት። ከርከሮ እንኳን፣ ቀኑን ጭቃ ውስጥ ሲገላበጥ የሚውለው፣ «እንዴት ሰው ዝም ብሎ ይተኛል?» ብሎ ተገረመ።

የሚጠይቃት አንድ አያ አርጃኖ፣ ያ የእንሽላሊት ትልቁ፣ ብቻ ነበር። በየማለዳው ያን መንታ ምላሱን ወጣ መለስ እያደረገ ይመጣል። ከሩቅ ይቆምና ጤናዋን ይጠይቃል። ከዚያ ልጆቹን ይጠይቃል። አልደረሱም ወይ? መቼ ይደርሳሉ? ቀኑ ሲታወቅ ብትነግሪኝ ባዶ እጄን እንዳልመጣ ይላል። አያ አርጃኖ ጎጆ ለጎጆ እየዞረ እንቁላል መብላት እንደሚወድ የሚያውቅ ያውቃል፤ በአደባባይ ግን ነገሩ አይነሳም። በአደባባይ የሚያወራው ስለ ልጆች ነው። ስለ ልጆች እንደሱ የሚጨነቅ በዚያ አገር አልነበረም።

አንድ ቀን ፀሐይዋ ሞቅ ማለት ስትጀምር ከአሸዋው ሥር «ኚክ፣ ኚክ» የሚል ድምፅ መጣ። እመት አዞ ጆሮዋን አሸዋው ላይ አደረገች። ድምፁ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ ብዙ ሆነ። እናታችን ነይ አውጪን ማለታቸው ነው። ቶሎ ካልተቆፈረላቸው እዚያው አሸዋ ተጭኗቸው ይቀራሉ።

ቆፈረች። ከቅርፊቱ የወጣው ወጥቶ ይንጫጫል፤ ያቃተው ውስጥ ሆኖ ይታገላል። ያቃተውን አንስታ አፏ ውስጥ ታስገባና በምላሷና በላንቃዋ መሃል ቀስ አድርጋ ታሸዋለች። ቅርፊቱ ጠሽ ይላል፣ ልጁ ይወጣል። ያ የጎሽ ጭን የሚሰብር መንጋጋ አንዲት ጣት አልጨፈለቀም።

ከጉድጓዱ እስከ ወንዙ ሩቅ አይደለም። ለእመት አዞ ማለቴ ነው። ጣት ለምታክል አዞ ግን ያ አሸዋ ከላዩ አሞራ፣ ከጎኑ አይጠመጎጥ ያለበት በረሃ ነው። ስለዚህ እናት የምታደርገውን አደረገች። አፏን ዘቅዘቅ አድርጋ ከፈተችና ልጆቿን አንድ በአንድ አገባቻቸው። ታችኛው መንጋጋዋ ላይ ለዚሁ የተሠራ የሚመስል ጎድጓዳ ቦታ አለ፤ እዚያ ላይ ተደራርበው ተኙ። ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ተረፈ። ለተረፉት አሸዋ መለስ አድርጋባቸው፣ መጣሁ፣ ጸጥ ብላችሁ ቆዩ አለቻቸው። ጥርሷን ገጠመችና ወደ ወንዙ መራመድ ጀመረች።

እመት ጦጣ ሾላው ላይ ሆና አየች። ያየችው ግን ግማሹን ነው። ስትቆፍር አላየችም፣ የበሰለ እየመረጠች ነበር። ቅርፊት ስታሽም አላየችም፣ ያልበሰለውን እየጣለች ነበር። አፍ ሲከፈት፣ ልጅ ሲገባ፣ አፍ ሲዘጋ፣ ይህን አየች። ለወሬ ይኸው ይበቃል።

«አዞ!» አለች ከቅርንጫፉ ሳትወርድ። «በሕግ አምላክ፣ ባለሽበት ቁሚ።»

እመት አዞ አንድ እግሯን አንስታ ነበር። እግሯን እንዳነሳች ቆመች። ከኋላዋ ጉድጓዱ፣ ከፊቷ ወንዙ፣ ከላይዋ ፀሐይ። አፏ ውስጥ ልጆቿ አሉ።

አገሩ ተጠራ። መጀመሪያ የደረሰው አያ አርጃኖ ነው፤ እንዲያውም ሳይጠራ ነው የደረሰው። ቀጥሎ አባ ኮዳ፣ ያ አንገቱ ላይ ኮሮጆ ያንጠለጠለ ትልቅ አሞራ፣ በቀጫጭን እግሩ እየተጎማለለ መጣና እመት አዞ አገጭ ሥር ሄዶ ቆመ። እዚያ ለምን ቆምክ ሲሉት ጆሮዬ ስለሚከብደኝ ነው አለ። ዓይኑ ግን ጥርሷ መሃል ነበር። በጥርሷ ክፍተት በኩል አንዳንዴ ትንሽ አፍንጫ ብቅ ይላል። አፍንጫው ብቅ ባለ ቁጥር የአባ ኮዳ ኮሮጆ ከፍ ዝቅ ይላል።

አያ ጉማሬ የሸንጎው ሊቀመንበር ነው። የተመረጠው አንዴ ከተቀመጠ የሚያነሳው ስለታጣ ነው። ከውሃው እስኪወጣ ተጠበቀ። ወጣ። ጆሮው እስኪደርቅ ተጠበቀ። ደረቀ። ከዚያ ወደ ነገሩ ከመግባታችን በፊት ብሎ ስለ እናትነት ንግግር አደረገ። እናት ማለት ምን ማለት እንደሆነ፣ እናት ስንት ነገር እንደምትችል፣ እናት በፀሐይ እንደምትቃጠል ተናገረ። ንግግሩ ልብ የሚነካ ስለነበር ከርከሮ አለቀሰ። እመት አዞ እግሯን እንዳነሳች ነው።

ቀጥሎ የተረፉትን ልጆች ማን ይጠብቅ የሚል ሐሳብ ተነሳ። ጉድጓዱ ውስጥ የቀሩት መጮኽ ጀምረዋል። እናታቸው ክስ ላይ ናት፤ ልጆች ደግሞ ያለ ጠባቂ አይተዉም። ሁሉም ወደ አያ አርጃኖ ዞረ። በየማለዳው የሚጠይቃቸው እሱ አይደለም ወይ? አያ አርጃኖ አይሆንም፣ እኔ ለዚህ አልበቃም አለ። ለመኑት። አሁንም እምቢ አለ፤ ወግ ነው። ሦስተኛ ሳይለምኑት እሺ ብሎ ወደ ጉድጓዱ ሄደ። አካሄዱ ከዕድሜው ይልቅ የፈጠነ ነበር።

እመት አዞ ይህን በዓይኗ ጥግ አየች። ጉሮሮዋ ውስጥ ድምፅ አሰማች፣ ወፍራም ድምፅ፣ መሬቱን የሚነዝር። ሸንጎው ይህ ስድብ ነው ወይስ ዛቻ ነው ብሎ ትንሽ ተከራከረ። ዛቻ ነው ተባለ።

«እመት አዞ» አለ ጉማሬ፣ «ልጆችሽ የት አሉ?»

እመት አዞ ጥርሷን አጥብቃ ገጠመች። አፏን ብትከፍት አባ ኮዳ ነው የሚቀበላቸው።

ጉማሬ ደግሞ ጠየቀ። ጥያቄው ያልገባት እንደሆነ ብሎ ጮክ አድርጎ ጠየቀ። ከጥርሷ መሃል «ኚክ» አለ አንዱ። አያችሁ፣ አለች ጦጣ ከላይ፣ ሆዷ ውስጥ ሆነው እየጮኹ ነው። የሰው ሁሉ ፀጉር ቆመ። ያኔ የእመት አዞ ዓይን በፀሐዩ ብዛት እንባ አቀረረ። ጸጸት ነው አሉ። ወዲያው ደግሞ ሌላው፣ ጸጸት ቢሆን ኖሮ ትናገር ነበር፣ ይሄ ጥጋብ ነው አለ። ሁለቱም ተመዘገበ።

«ያልበላች ከሆነ አልበላሁም ትበል» አለች ጦጣ። «አፍ የተሠራው ለምን ሆነና?»

ነገሩን የምታውቅ አንዲት ነበረች። እማማ ኤሊ ከዳር ተቀምጣ ሁሉን ትሰማለች። አምና በዓይኗ አይታለች፤ ልጆቹ በአፍ ገብተው በውሃ ሲወጡ ቆጥራለች። አሁን አንገቷን አወጣች። ልትናገር ነው። ከዚያ አሰበች። አዞ ልጆቿን በአፏ ታወርዳለች ብዬ ብመሰክር አንዱ ተነስቶ፣ እማማ፣ እርስዎስ የእርስዎን እንዴት አወረዱ ይለኛል። እማማ ኤሊ በዕድሜዋ ስንት ጊዜ እንቁላል ጥላለች፤ ጥላ፣ አሸዋ አልብሳ፣ ዞር ብላ ሳታይ ሄዳለች። የትኛው ልጇ የት እንዳለ አታውቅም። ዛሬ የእናትነት ንግግር በተደረገበት ጉባኤ ላይ ይህ ቢነሳ ጥሩ አይደለም።

አንገቷን ወደ ቤቷ መለሰች።

ፍርድ ተሰጠ። ዝም ያለ እንዳመነ ይቆጠራል፤ እመት አዞ ልጆቿን በልታለች። ግን ገና አልዋጠቻቸው ይሆናልና እዚሁ ሸንጎ ፊት አፏን ከፍታ ታውጣቸው። ሲወጡ መሬት ላይ ወድቀው እንዳይጎዱ አፈ ረጅሙ አባ ኮዳ ይቀበላቸው። አባ ኮዳ ለሕዝብ ከሆነ ምን ይደረጋል አለ።

እመት አዞ ፍርዱን ሰማች። አፏ ውስጥ ያሉት ፀሐዩ በርትቶባቸው መንቀሳቀስ እየተዉ ነው። ቅድም ምላሷን ይቧጥጡ ነበር፤ አሁን አንዱ ብቻ ነው የሚቧጥጠው። እሱም ቆመ።

ጎሾቹን አሰበች። እንዴት እንደቆሙ፣ ትንፋሻቸው እንዴት ይሞቅ እንደነበር አሰበች። ይህን ቃል ዛሬ ከጣሰች ለከርሞ ጎሽ አይቆምላትም። እንቁላሏ ይረገጣል። የከርሞው እንቁላል ግን ገና አልተወለደም። እነዚህ ተወልደዋል።

አንስታው የነበረውን እግር አሳረፈች። ሌላውን አነሳች። መራመድ ጀመረች።

ሸንጎው በሙሉ መንገድ ለቀቀ። በኋላ ለምን አላቆማችኋትም ሲባሉ ሕግ በጉልበት አይከበርም ብለን ነው አሉ። አባ ኮዳ ብቻ ጥቂት እርምጃ ከአገጯ ሥር ተከተለ። ጅራቷን አንዴ ስትወዘውዘው እሱም ስለ ሕግ አሰበ።

ወንዙ ዳር ደረሰች፤ እስከ አንገቷ ገባች። ከዚያ አፏን ውሃው ውስጥ ቀስ አድርጋ ከፈተችና ራሷን ወዲያና ወዲህ አወዛወዘች። መጀመሪያ ምንም አልወጣም። ከዚያ አንዱ ወጣ፣ በጀርባው ተንሳፎ። ውሃው ሲነካው ተገለበጠና ዋኘ። ሁለተኛው ተከተለ። ከዚያ ሁሉም እየተገፋፉ ወጡና ቄጠማው ሥር ገብተው «ኚክ፣ ኚክ» አሉ።

አገሩ ሁሉ ዳር ቆሞ አየ። ጦጣ እንኳን ከሾላው ወርዳ አየች፤ አይታ ተመልሳ ወጣች።

መጀመሪያ የተናገረው ጉማሬ ነው። ጉሮሮውን ጠራረገና፣ ጉባኤው ባይሰበሰብ ኖሮ ዛሬ እነዚህ ሕፃናት በሕይወት እንዳልነበሩ ሁሉም በዓይኑ አይቷል አለ። ሸንጎው አጥብቆ ስለጠየቃት ተጨንቃ ተፋቻቸው አለ። ነገሩ ወዲያው ለሁሉም ገባው። ተጨበጨበ። እመት ጦጣ ነቅታ በመጠበቋ ተመሰገነች፤ እሷም ማንም በኔ ቦታ ቢሆን ይህን ያደርግ ነበር አለች። በሷ ቦታ፣ ማለትም ሾላው ላይ፣ ከሷ ሌላ ማንም አይደርስም።

እመት አዞ ጭብጨባውን አልሰማችም። ከውሃው ወጥታ ወደ ጉድጓዱ እየሮጠች ነበር። አዞ ስትሮጥ አይታችሁ አታውቁ ይሆናል። ሸንጎው ሁሉ ሊያይ ተከተላት።

ጉድጓዱ አጠገብ አያ አርጃኖ ተጋድሟል። ለክብሯ ሊነሳ ሞከረ፤ ሆዱ አላነሳው አለ። ዙሪያው ቅርፊት ነው።

«ሁሉም ሰላም ነው» አለ። «መጀመሪያ ይንጫጩ ነበር። አሁን ጸጥ ብለዋል።»

እመት አዞ ጉድጓዱ ውስጥ አየች። አሸዋውን በእግሯ ጫረች፤ ትንሽ ጫረች፣ ደግሞ በሌላ በኩል ጫረች። ከዚያ መጫር ተወች። ዞረችና አርጃኖ ላይ አፏን ከፈተች።

«በሕግ አምላክ» አለ አርጃኖ።

አንዴ ቃሉን ጥሳለች። ሁለተኛ ብትጥሰው ማንም አያቆማትም ነበር፤ ማቆም የሚፈልግም አልነበረም፣ አንዳንዱ እንዲያውም ለማየት ጠጋ ብሎ ነበር። እሷ ግን ወደ ወንዙ ዞራ ቄጠማውን አየች። እነዚያ የተረፉት የሚያድጉት እዚህ አገር ነው። ነገ ጎሽ ሲመጣባቸው ከዚያች ቃል በቀር ምንም የላቸውም። እናታቸው ሁለቴ ያረከሰቻትን ቃል ማን ይሰማላቸዋል?

አፏን ገጠመች። ወደ ጉማሬ ዞረች።

«አፌ ሙሉ ሳለ ስትጠይቁኝ ዋላችሁ» አለች። «አሁን ባዶ ነው። ጠይቁኝ።»

ጉማሬ ግራ ቀኙን አየ። ያ አጀንዳ እኮ ተዘግቷል አለ በትሕትና። የቀረ አጀንዳ ካለ ብሎ ጠየቀ፤ ፀሐይ በርትቷልና የለም አሉ። ከመበተናቸው በፊት ግን ለአያ አርጃኖ ልዩ ምስጋና እንዲሰጠው ተወሰነ። ከጉባኤው ሁሉ ምሳ እንኳን ሳይቀምስ በሥራ ላይ የዋለ እሱ ብቻ ነው ተባለ። አርጃኖም ምስጋናውን እንደተጋደመ ተቀበለ። የሕፃናት ጠባቂነቱም እንዲጸናለት ሆነ፤ እስከ ዛሬ አልተነሳም።

ከዚያ ቀን ወዲህ እመት አዞ ከውሃ በወጣች ቁጥር ወንዝ ዳር ትጋደምና አፏን ከፍታ ትውላለች። ውስጡ ወለል ብሎ ይታያል፤ ጥርሱም፣ ምላሱም፣ ላንቃውም። አላፊ አግዳሚው ከሩቅ ያያትና ምን ልትበላ ነው ይላል። ጦጣ ሾላው ላይ ሆና ልጆቿን የጨረሰችው አዞ ይቺ ናት እያለች ለእንግዳ ታሳያለች።

አንድ ቀን እማማ ኤሊ መጣች። ለመምጣት የተነሳችው በፍርዱ ማግሥት ነው፤ የደረሰችው ግን የእመት አዞ ልጆች ክንድ ካከሉ በኋላ ነው። አጠገቧ ተቀመጠች። ያን ቀን እኮ አውቅ ነበር አለች።

«አውቃለሁ» አለች አዞ። «አንገትሽ ሲወጣ አይቼ ደስ ብሎኝ ነበር። ሲመለስም አይቻለሁ።»

እማማ ኤሊ ነገር ለመለወጥ ያህል፣ እና ይህን አፍሽን ምነው ቀኑን ሙሉ ከፍተሽ ትውያለሽ፣ አይደርቅብሽም ወይ አለቻት።

እመት አዞ ወንዙን እያየች መለሰች።

«ተዘግቶ ያዩት ጊዜ ውስጡን እናውቃለን የሚል በዛ። ይኸው ከፈትኩት፤ ቀርቦ የሚያይ ግን ጠፋ።»